አፍ የሚይዝ ወይን፣ አፍ የሚያስለቅቅ ቅቤ

ቀኑ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ነበር። አሰላ ላይ፣ የአንድ ወዳጄ እናት ቤት ለበዓል ተጠርተን ተቀምጠናል። ውጭ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ፣ ውስጥ የከሰል ምድጃ። ወዳጄ ከባቱ ሲመለስ ይዞት የመጣውን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ከፈተና መጀመሪያ ለእናቱ ቀዳ። ሲራህ ነበር፤ ጣፋጭነት የሌለው፣ ቀለሙ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው። እናቱ የሚያውቁት የቤት ጠጅና አልፎ አልፎ የሚቀርብላቸውን ጣፋጭ ወይን ነው። ጎንጨት አሉና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ምነው ልጄ፣ ይሄ ነገር አፌን ያዘው እኮ!»

«ትንሽ ቆዪ እማዬ፤ ሥጋው ይምጣ» አለ።

የጎድን ጥብሱ መጣ። ስቡ ገና ይንጫጫል፤ የጥብስ ቅጠሉ ቤቱን አውዶታል። ሁለት ሦስቴ ጎረሱና፣ በልጃቸው ውትወታ፣ ያንኑ ብርጭቆ መልሰው አነሱ። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። «አሁን ደግሞ ለቀቀኝ» አሉ። ብርጭቆውንም ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት፤ ይጨመርልኝ ማለታቸው ነው።

ወይኑ ያው ወይን ነው። ከጠርሙሱ የወጣው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አፋቸው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ስለ ጠንካራ ቀይ ወይን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በ«ያዘኝ» እና በ«ለቀቀኝ» መካከል ምን እንደተካሄደ ቢረዳ ይበቃዋል። ቀሪውን ምላሱ ይነግረዋል።

ከቀለሙ እንጀምር። በቋንቋችን «ወይን ጠጅ» የመጠጥ ስም ብቻ ሳይሆን የቀለም ስምም ነው። የሚገርመው ግን የአብዛኛው ጥቁር ወይን ፍሬ ጭማቂ ቀይ አለመሆኑ ነው። አንዲት ፍሬ በጣት ጨምቃችሁ ብታዩ የሚወጣው ፈዛዛ፣ ነጣ ያለ ውሃ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን የሚጠመቀው ጭማቂው ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ጋር አብሮ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ነው። ልጣጩ በዚያ ቆይታ ቀለሙን ብቻ አይለቅም፤ ታኒን የሚባለውን ነገርም ይለቃል። የወዳጄን እናት አፍ የያዘው እሱ ነው።

ታኒን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሻይ ቅጠሉ በዝቶበት ምድጃ ላይ የተረሳ ሻይ ያለ ስኳር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ልጅም ያውቀዋል። ጣዕም ከማለት ይልቅ ስሜት ማለት ይሻላል፤ ምላስ ይደርቃል፣ ድድ ይሳሳባል፣ ጉንጭ ከውስጥ ይጨማደዳል። ምክንያቱ ምራቃችን ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ምራቅን የሚያሙለጨልጩት፣ ምላስ በጉንጭ ላይ እንደልቡ እንዲንሸራተት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ታኒን ሲያገኛቸው ይጣበቅባቸዋል፤ ተያይዘው ይቋጠራሉ። ያን ጊዜ አፍ ቅባቱ እንዳለቀ የበር ማጠፊያ ይሆናል።

ታዲያ ሻይ ላይ ወተት ለምን እንጨምራለን? ለመልክና ለምግብነቱ ብቻ አይደለም። የወተት ፕሮቲን ከምራቃችን ፕሮቲን ቀድሞ ታኒኑን ይይዝልናል፤ ሻዩ ይለሰልሳል። ሥጋና ቅቤም ለቀይ ወይን የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይጠምደዋል፤ ስቡ ምላስ ላይ ለስላሳ ሽፋን ያነጥፋል፤ ጨው ደግሞ የወይኑን ምሬት ያደበዝዛል። በአንጻሩ ስቡ ጉሮሮ ላይ ሊከብድ ሲል የወይኑ ታኒንና ኮምጣጣነት ይጠርገዋል፤ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ጉርሻ ሆኖ ይገባል። አንዱ ሌላውን ያርመዋል።

እንግዲህ ስለ ቦታው። አሰላ የወይን ከተማ አይደለችም፤ የብቅል ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ ነው። የብቅል ፋብሪካዋ የአርሲን ገብስ ለአገሪቱ ቢራ ፋብሪካዎች ያዘጋጃል፤ አጠገቧ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ስሙ የሚነሳው በስንዴ ነው። ነገር ግን አየሩ በጠራ ቀን ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ብታዩ፣ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ የሚያበራ ውሃ ይታያል፤ ደንበል ነው፣ የዝዋይ ሐይቅ። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ መቂ ከጉራጌ በኩል ይመጣል፤ ሌላው ከታር የሚነሳው ከዚሁ ከአርሲ ተራሮች ነው። በሐይቁ ማዶ የባቱ ከተማ አለች። ከአገራችን ትልልቅ የዘመኑ የወይን እርሻዎች አንዱ ያለው እዚያ ነው። ገብሱ ከላይ፣ ወይኑ ከታች፤ በመካከላቸው 800 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት።

እርሻውን ያቋቋመው የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ነው። ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቶ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፣ ከፈረንሳይ የወይን ችግኝ አስመጥቶ በባቱ አሸዋማ መሬት ላይ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከእርሻው ወሬ ሁሉ እኔ የምወደው ስለ ቦዩ የሚነገረውን ነው፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ ዙሪያውን ተቆፍሯል። የቦርዶ ገበሬ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም።

ወይን የብርድ አገር ተክል አይደለችም፤ የብርድ ወራት ሲገባ ቅጠሏን አራግፋ የምትተኛ፣ በጸደይ የምትነቃ ተክል ግን ናት። ባቱ ላይ ግን የሚያስተኛት ብርድ የለም። ስለዚህ መቼ እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምታፈራ የሚወስንላት የገበሬው መቀስ ነው። ሲገርዛት ታቆጠቁጣለች፤ ዝናቡና አዝመራው እንዳይገጣጠሙም መግረዣው ጊዜ በጥንቃቄ ይመረጣል። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቀኗ ቢሞቅም ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ቀን ፀሐይ ስኳሩን ታበዛለች፤ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል። የፍሬው ስኳር ሲፈላ አልኮል ይሆናልና፣ ፀሐይ የጠገበ ፍሬ ጠንካራ ወይን ይወልዳል።

በዕድሜ የሚቀድመው ግን አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ጉደርን፣ አክሱሚትን፣ ዱከምን የማያውቅ የአገራችን ምግብ ቤት የለም። ከእርሻዎቹም አንዱ ያለው በአርሲ ምድር፣ በመርቲ ጀጁ ቆላ ነው። አርሲ ሲባል ገብስና ስንዴ ብቻ ለሚታየው አንባቢ ይህን ማስታወስ ደግ ነው። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው፤ የብዙ ሰው አፍ ለቀይ ወይን የተፈታውም በእሱ ነው። ከጠጅ ቤት ለመጣ ምላስ ጣፋጭ መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። ከዚያም ጉደርን በኮካ ወይም በስፕራይት መደባለቅ ተለመደ። ይህን የሚያደርጉትን የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ አልንቅም። ስኳር ታኒንን ይሸፍናል፤ አፉን የተያዘ ሰው ማስለቀቂያ መፈለጉ ነው። የእኔ ክርክር ማስለቀቂያው ጠርሙስ ውስጥ ሳይሆን ትሪው ላይ ነበረ የሚል ነው። ኮካው የወይኑን ሽታ ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ ጎድን ጥብሱ ግን ሽታውን ያወጣዋል።

ሽታውን ካነሳን የባቱን ሦስት ቀያይ ፍሬዎች በስም እንለያቸው። ሜርሎ ከሦስቱ ገር ነው፤ ታኒኑ ለስላሳ፣ ሽታው የበሰለ ፕሪም። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ታኒኑ የበዛ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ለጭማቂው የሚደርሰው ልጣጭና ዘር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ ወላጆቹን አገኙለት፤ አንዱ ወላጅ ካበርኔ ፍራን፣ ሌላው ሶቪኞን ብላን የተባለው ነጭ ወይን። የሚገርመው እንዲህ ያለ ጥቁር ፍሬ ከነጭ ወላጅ መወለዱ ነው።

ሲራህ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ማዕድ የቀረበው እሱ ነው። ጥሩ ሲራህ ሲሸተት ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ይህን ጠጪዎች ለረጅም ጊዜ እንደ አባባል ይናገሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሽታውን ምንጭ ለይተው ሮተንዶን የሚባል ውህድ አገኙ፤ ቁንዶ በርበሬንም ቁንዶ በርበሬ የሚያሸትተው ራሱ ሮተንዶን ነው። ማለትም ወይኑና ቅመሙ በእርግጥ አንድ ሽታ ይጋራሉ እንጂ ለሰው እንዲያው መስሎት አይደለም። ከሞካሪዎቹ መካከል ግን ከአምስት አንዱ ገደማ ሮተንዶንን ብዙ ቢጨመርለትም ማሽተት አልቻለም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ «የምን ቁንዶ በርበሬ?» ቢላችሁ አትከራከሩት፤ አፍንጫው አልተሰጠውም ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ በርበሬ።

ዶሮ ወጥና ጠንካራ ቀይ ወይን አይስማሙም። ይህን ስናገር በዓል ባለበት ቤት ቅር የሚለው እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀይ ከቀይ ጋር ዓይን ያረካልና። ነገሩ ግን የዓይን አይደለም። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም ሳይሆን የሙቀት ስሜት ነው። አፋችን ውስጥ እሳትን የሚያሳውቅ ተቀባይ አለ፤ በተለመደው ጊዜ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚነቃው። የበርበሬው ካፕሳይሲን ያለ እሳት ያነቃዋል። አልኮል ደግሞ የመንቂያውን ወለል ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል፤ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ማለት ነው። ስለዚህ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ከዶሮ ወጥ በላይ ሲጠጣ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። በዚያ ላይ የተቃጠለ አፍ ታኒንን ሲቀበል እጥፍ ይጎመዝዘዋል። ወጡ ወይኑን መራራ ያደርገዋል፣ ወይኑ ወጡን እሳት ያደርገዋል፤ ሁለቱም ያለ ጥፋታቸው ይወቀሳሉ። ለዶሮ ወጥ አባቶቻችን የመረጡለት ጠጅ ትክክለኛ ጓደኛው ነው፤ የማሩ ጣፋጭነት ያቀዘቅዘዋል። ወይን ይሁን ከተባለም ጣፋጩ ይሁን።

የአርሲ ደጋ ማዕድ ግን ለዚህ ወይን የተሰናዳ ያህል ነው። ይህ አገር የከብትና የቅቤ አገር ነው። ለብርዱ ስብ ያስፈልጋል፤ ገብሱም ቅቤ ይወዳል። ጭኮን ውሰዱ፤ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ የሚበላ፣ መንገደኛ ስንቅ የሚያደርገው ምግብ ነው። ብቻውን ሲበላ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ይከብዳል። አንድ ጉንጭ ሜርሎ ሲከተለው ግን ቅቤው ተጠርጎ የተቆላው ገብስ ሽታ ብቻ ይቀራል፤ ወይኑም የፕሪም ሽታውን ያወጣል። ይህን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አስቤበት ደጋግሜዋለሁ።

ከጥብስ ሁሉ የማስቀድመው ጎድን ጥብስን ነው፤ ከአጥንቱ ጋር ያለው ስብ ለካበርኔ ታኒን በቂ ሥራ ይሰጠዋል። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሌላው ዓለም ሮዝመሪ የሚለው ነው፤ ሲራህ ተወልዶ ያደገበት የሮን ሸለቆና የደቡብ ፈረንሳይ ማብሰያ ቤትም የበግ ሥጋ የሚጠብሰው በዚሁ ቅጠል ነው። ስለዚህ የአሰላ ጥብስ ለሲራህ የአገሩ ልጅ ማለት ነው። ዝልዝል ጥብስ ከሰል የነካው፣ ጠርዙ ጠቆር ያለው ሲሆን ይበልጥ ያምራል፤ የከሰሉ ምሬትና የታኒኑ ምሬት ተገናኝተው ይለዝባሉ። ሥጋ አልጫ፣ እርዱና ነጭ ሽንኩርቱ የገነነበት፣ ከሜርሎ ጋር ይስማማል።

ጥሬ ሥጋና ክትፎ ላይ ነገሩ በማባያው ይወሰናል። ቁርጡ ራሱ ለቀይ ወይን ምርጥ ነው፤ የሚያበላሸው አዋዜውና ሚጥሚጣው ነው። ጨው ብቻ፣ ካስፈለገም ሰናፍጭ ሞክሩ። ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ወጥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደ ሚጥሚጣ አፍ ላይ አይሰነብትም። ክትፎ ለብለብ በተነጠረ ቅቤና በኮረሪማ ብቻ ተሠርቶ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ቢቀርብ፣ አይቡም በጎን ቢኖር፣ ከዚህ የተሻለ የወይን ማዕድ አላውቅም። በነገራችን ላይ አልኮል የኮሶን ትል ይገድላል የሚባለው እምነት ስህተት ነው። ወይንም ሆነ አረቄ ጥሬ ሥጋን ከኮሶ አያነጻውም፤ የሚያስተማምነው የተመረመረ ሥጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳት ነው።

እንጀራስ? የእንጀራ ኮምጣጣነት የወይኑን ኮምጣጣነት ይውጠዋል፤ ወይኑ ለስልሶ፣ አንዳንዴም ፈዝዞ ይቀራል። ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን በስንዴ አገር ተቀምጦ ጥብስን በትኩስ ድፎ ዳቦ መብላት የሚያስቸግር አይደለም፤ ዳቦው በሥጋውና በወይኑ መካከል አይገባም፣ የብርጭቆውን ጣዕም እንዳለ ያሳያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከባቱ። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሰው ከዚያው ከባቱ ወይን ጋር ማቅረብ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ጠንካራው ቀይ ግን አይሁን። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከባሕር ምግብ ቅባት ጋር ሲገናኝ ደስ የማይል የዓሣ ክርፋት አፍ ላይ ይተዋል። ለዓሣው የዚያው እርሻ ሻርዶኔ አለለት።

የጾም ቀንም አለ፤ በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም ሥጋና ቅቤ የለም። ያን ጊዜ ጠንካራው ቀይ ሳይከፈት ይቆይ። የጾም ሽሮና ምስር እንደ ሥጋና ቅቤ ታኒኑን ስለማያለሰልሱለት ወይኑ ብቻውን ይቀራል፤ ያለ ፋይዳም ይጎመዝዛል። አርሲ ደግሞ ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን ያሉበት አገር ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ለአንዱ ወይን ሲቀዳ ለሌላው ወተት ይቀዳል። ወተት ለመረጠው ሰው የሚጎድልበት የለም።

የቀረው ሙቀቱ ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የመጣው ማሞቂያ ከሌለው የአውሮፓ የድንጋይ ቤት ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ ይሰላል፣ ሽታው ይተኛል። በባቱ ወይም በአዳማ ሙቀት ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። 2,430 ሜትር ላይ ለተቀመጠችው አሰላ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ ለመጠጣት የተሰናዳ ነው። ከምድጃው አርቁት እንጂ። ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱት፤ ብርጭቆውንም ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ሽታው መሰብሰቢያ ቦታ ይፈልጋል። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካኖራችሁት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

አሁን የቀረው መሞከር ነው። በሚቀጥለው የበዓል ቀን አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ያልሆነ ቀይ ግዙ። መጀመሪያ ባዶ አፋችሁን አንዴ ተጎንጩ፤ እንዴት እንደያዛችሁ ልብ በሉ። ከዚያ ጎድን ጥብሱን ጎርሳችሁ ድገሙት። ሚጥሚጣውን ለብቻው አስቀርቡ።